የ1979ኙ የሸንጎ ምርጫና የባሌ መራጭ

ሰኔ 7 ቀን 1979 የባሌ ክፍለ ሀገር መራጭ፣ ዋና ከተማ ከነበረችው ጎባና ከጎረቤቷ ሮቤ አንሥቶ እስከ ዲንሾ ደጋ ድረስ፣ 835 መቀመጫ ለነበረው ብሔራዊ ሸንጎ ወኪሎቹን ለመምረጥ ድምፅ ሰጠ። ሕገ መንግሥቱ በዚያው ዓመት ጥር 24 ቀን በሕዝበ ውሳኔ ጸድቆ ነበር፤ ሸንጎውም በጳጉሜን ተሰብስቦ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ፕሬዚዳንት አድርጎ ሰየመ። ይህ የታወቀ ነው። እስከ ዛሬ የሚያከራክረው፣ የፓርቲ አባል ያልሆነው መራጭ በዚያ ዕለት በእርግጥ መረጠ ወይስ የተመረጠለትን አጸደቀ የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው አሜሪካውያን «ክፍት ቅድመ ምርጫ» ስለሚሉት አሠራር ከሚያነሡት ክርክር ጋር ይቀራረባል። ቅድመ ምርጫ አንድ ፓርቲ ለዋናው ምርጫ የሚያቀርበውን እጩ የሚለይበት ድምፅ አሰጣጥ ሲሆን፣ ክፍት የሚባለው አባል ያልሆነም እንዲሳተፍ ሲፈቀድ ነው። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ በዚህ በር ገብቶ የሚሰጠው ድምፅ ተሻጋሪ ድምፅ ይባላል፤ ተቃዋሚዎቹም ሰዎች ደካማውን እጩ ሆን ብለው ለተፎካካሪያቸው ይመርጡለታል ብለው ይሰጋሉ።

በ1979 ግን የሚሻገሩበት ሌላ ወገን አልነበረም። በጳጉሜን 1976 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ በአጭሩ ኢሠፓ፣ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ነበር፤ አባላቱም በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ 42 ሚሊዮን ገደማ ከሆነው ሕዝብ መካከል ጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ ስለነበሩ፣ በየጣቢያው የተሰለፈው መራጭ አብዛኛው አባል ያልሆነ ነበር። ለምርጫው የሚከራከሩ ወገኖች ይህንን፣ እንዲሁም ለአንድ መቀመጫ ከአንድ በላይ እጩ መቅረቡን ጠቅሰው፣ አባል ያልሆነው ሕዝብ የፓርቲውን ሰዎች የማበጠር ዕድል አገኘ ይላሉ። በእርግጥም ሰው የሚያውቀውን ጎረቤቱን ከማያውቀው ሹም መለየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም እጩዎቹ የመጡበት መንገድ ክርክሩን ያዳክመዋል። የሚጠቁሙት የፓርቲው አካላት፣ የጦር ክፍሎችና የብዙኃን ማኅበራት፣ ማለትም እንደ ገበሬ ማኅበር ያሉ በመንግሥት የተደራጁ ማኅበራት ነበሩ። ባሌ ደግሞ ከሶማሊያ ጦርነት ማግሥት የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተካሄደባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነው፤ ገበሬው ከተበታተነ ጎጆው ተነሥቶ በአንድ መንደር ሲሰፍር፣ መሬት የሚያከፋፍለውም ግብር የሚሰበስበውም ማኅበሩ ነበር። በእንዲህ ያለ አካል ፊት እጩን መቃወም መሬትን የሚያከፋፍለውን መቃወም ስለነበር፣ ምርጫው ሰኔ 7 ከመድረሱ በፊት ተጠናቅቋል የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

እጩን አስቀድሞ ማጥራት በ1979 የተጀመረ አይደለም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በ1950 የተጀመሩት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫዎችም ፓርቲ አልነበራቸውም፤ ለእጩነት ግን በምርጫ ወረዳው ንብረት ማፍራት ይጠየቅ ነበር።

እጩ በሚለይበት ደረጃ ድምፅ የማጣት ክብደት በሌላ አገር ጎልቶ ታይቷል። በቴክሳስ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለዐሥርት ዓመታት ያለ ብርቱ ተፎካካሪ ያሸንፍ ስለነበር፣ ጥቁሮችን ከቅድመ ምርጫው ማግለሉ ድምፃቸውን ባዶ ያስቀር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩን የሻረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ጥያቄ በእኛም አገር ዳግም ይነሣል፤ በ2013ቱ ስድስተኛ አጠቃላይ ምርጫ የኦሮሞ ነፃነት ግንባርና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ስላልተወዳደሩ፣ በኦሮሚያ በርካታ የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ቀረበ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለግል እጩ በር ቢከፍትም፣ ፓርቲ እጩውን የሚለየው በውስጡ ነው። ስለዚህ በሮቤም ሆነ በጎባ አንድ ፓርቲ ብቻ በሚቀርብበት ጊዜ፣ አባል ያልሆነው ነዋሪ በእጩ ጥቆማው ላይ ድምፅ እንዲኖረው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የምክር ቤት ወኪሉ የሚለየው በዚያ ደረጃ ነውና።