የገና ከረሜላችን ከየት መጣ?



ባለፈው የገና ገበያ ማኅበራችን ያቀረበው የሰሊጥና የለውዝ ከረሜላ ከድፎ ዳቦው ቀድሞ አለቀ። ከውጭ የመጡ አንዲት ደጋፊያችን አንዱን ቀምሰው «ይህ የአገራችሁ የጥንት ባህል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ተሰልፎ ስለነበር «አዎ» ብዬ አለፍኩ። ያልኩት ግን ትክክል አልነበረም፤ እዚህ ላርመው።

የጥንቱ ጣፋጭ ማር ነው። ማር ደግሞ ገበሬው በግብር የሚያስገባው፣ የተረፈውም ወደ ጠጅ ጋን የሚሄድ ነገር ነበር፤ ልጆች የሚደርሳቸው ከጣት ላይ የሚላስ ያህል ነው። ከረሜላ ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ስኳርም ለረጅም ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚገባ ውድ ሸቀጥ ነበር።

ይህን የለወጠው ወንጂ ነው። ቀድሞ በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር፣ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) አጠገብ ሸንኮራ ተከለ። ሜዳው የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ከ8 ዓመት በኋላ ሸዋ የሚባለው ሁለተኛው ፋብሪካ እዚያው ተጨመረ፤ ከዚያም መተሐራ ተከተለ። ስኳር ወደ ተራው ሰው ጓዳ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

አጎቴ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። ለበዓል ሲመጣ ትንሽ ስኳር በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣልናል። ጥርሱ ግን ቡናማ ነበር፤ እናቴም ከረሜላ አብዝተን እንዳንበላ «የአጎታችሁን ጥርስ እዩ» እያለች ታስፈራራን ነበር። ጥፋቱ የስኳሩ አልነበረም። ለሠራተኛው መንደር የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የዚያ ውሃ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ፍሎራይድ ሲበዛ መጀመሪያ ጥርስን ያበላሻል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትን ያደርቃል። አጎቴ በመጨረሻ አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር። ስኳር ባነጠርኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ተወረሱ፤ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ስኳር በየቤተሰቡ ቁጥር ተመድቦ ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚወሰድ ሆነ። (ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሸማቾች ሱቅ ደጃፍ የተሰለፋችሁ ታውቁታላችሁ።) የወሩ ድርሻ ለሻይ እንኳ አይበቃም፤ አንድ ቤት ብቻውን ከረሜላ ልሥራ ቢል ወሩን ሙሉ ሻዩን በጨው ሊጠጣ ነው። ስለዚህ የግቢያችን እናቶች በገና ዋዜማ ሰሞን ከየቤቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ስኳር ማዋጣት ጀመሩ። የእኛ «ባህል» የተወለደው ያኔ ነው።

የሰሊጥ ከረሜላ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅቤና ወተት አይገባበትም። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ሰሊጡ ተለቅሞ በስሱ ይታመሳል። ስኳሩ በብረት ድስት፣ በለዘበ ከሰል፣ ያለ ውሃ ይቀልጣል፤ መጀመሪያ ይጓጉላል፣ አትደንግጡ። የቀይ ሻይ መልክ ሲይዝ ወዲያው ሰሊጡ ይገባል፤ ትንሽ ከዘገየ ይመርራል። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ተገልብጦ በጠርሙስ ይዳመጥና ሳይደርቅ ይቆረጣል። ልጆች እንዳይጠጉ የሚደረገው በምክንያት ነው፤ የቀለጠ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ከፈላ ውሃ የከፋ ያቃጥላል። እናቶቻችን ጾሙን ሳይገድፉ መቅመስ ስለማይችሉ ቀማሿ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበሩ። «መረረ» ካሉ መረረ ነው። ለዒድ ደግሞ እኛ ልጆቹ የእሳቸውን ቤት ሳምቡሳ እንቀምስ ነበር።

አንድ ዓመት ባሏ የሞተባት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ግቢያችን ገባች። ስሟ ገና በቀድሞ ቀበሌዋ መዝገብ ላይ ስለነበር የስኳር ካርድ አልነበራትም። «ያላዋጣ አይካፈልም፤ ዛሬ ለአንዷ ብንፈቅድ ነገ ሁሉም ባዶ እጁን ይመጣል» ያለች ሴት ነበረች። እናቴ ናት። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እኛም አምስት ልጆች ነበርን። ሴትየዋ ምንም አልመለሰችም፤ ልጆቿን ይዛ ቤቷ ገባች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ምንም ሳይሉ ሄደው ሁለት ብርጭቆ ስኳር አምጥተው ድስቱ አጠገብ አስቀመጡ። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ» አሉ። በዓሉ የእሳቸው አልነበረም።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራችም። በዓመቱ ግን ክዳን ያለው የወተት ጣሳ ይዛ ወጣች፤ እያንዳንዷ ቤቷ ወስዳ፣ ያላትን ጨምራ፣ ከድና ለቀጣይዋ ታስተላልፍ ጀመር። ማን ምን ያህል እንደጨመረ፣ ማን ምንም እንዳልጨመረ የሚያውቅ አልነበረም። ስኳሩ አንዳንድ ዓመት ያንስ ነበር፤ ያኔ ከረሜላው በቀጭኑ ይዳመጣል።

አዲስ አባላት የገና መዋጯችን ለምን በተከደነ ጣሳ እንደሚዞር፣ ለምንስ በደረሰኝ እንደማይሆን ይጠይቁኛል። ጣሳው ያው የእናቴ ነው፤ ጠርዙ ዝጓል፣ ክዳኑ ግን አሁንም ይገጥማል። ዘንድሮ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ይዞራል፤ ደጋፊያችንም ከመጡ እንዲደርሳቸው አደርጋለሁ።