ናሙና፣ ሰዓትና ቅዝቃዜ

በአሪቻ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ የማያውቅ ገበሬ የለም። ለፕሮቲን ምርመራ ከእንቁላል እጢ ካንሰር የሚወሰድ የሥጋ ናሙናም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው በደቂቃ መቈጠሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብሉም ፎርማሊን ሥጋን ሳይበሰብስ እንደሚያቆይ አሳወቀ። ዘዴው ርካሽ ስለሆነ ዛሬም በየሆስፒታሉ ይሠራበታል፤ ሆኖም ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስር የሕዋስን ቅርጽ ለሚያይ ሐኪም እንጂ ፕሮቲን ለሚመዝን ተመራማሪ እምብዛም አይመችም።

በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግ በዘር የሚወረሰው የጡት ካንሰር ከ17ኛው ክሮሞሶም ጋር እንደሚያያዝ አሳየች፤ በ1994 ለእንቁላል እጢ ካንሰርም የሚያጋልጠው ብራካ 1 የተባለው ዘረ መል ተለይቶ ታወቀ። ዘረ መል ግን ትእዛዝ ነው፤ ሥራውን የሚፈጽመው ፕሮቲን ነውና በ2016 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የ169 ዕጢዎችን ፕሮቲን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ናሙናው ደም በተቋረጠበት ቅጽበት ሰዓቱ ተመዝግቦ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት። ከዲላ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። በአገራችን የኮርማ ዘር በዚሁ ናይትሮጅን ታሽጎ ወደ ገጠር መጓዝ ከጀመረ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ለላሚቱ የተዘረጋው መስመር ለእናቶቻችን ናሙና እንዳያገለግል የሚያግደው ምንድን ነው? የጎደለው፣ በእኔ ግምት፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ የሚቀመጥ አንድ በርሜልና ሰዓት የሚመዘግብ አንድ ሠራተኛ ነው።