ሰብለ ወንጌል፦ የአንድ ስም ታሪክ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ትረካ ስልቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳሉና የባላባቱን ሥርዓት ስለ ተቸበት መንገድ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከመማሪያ ክፍል ውጭ፣ በየቤተሰቡ የሚያስነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ሴት ልጅ የወለደች እናት «ሰብለ ልበላት» ስትል ከዘመድ አንዱ «የዚያችን መከረኛ ስም?» ብሎ ይከራከራል። ይህ ክርክር በምኖርበት በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገዛ ቤተሰቤ ውስጥ ተነሥቶ «አንተ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነህና ፍረደን» ተብያለሁ። ጉዳዩን በጽሑፍ ለማየት የተነሣሁትም ከዚያ ወዲህ ነው። ስሙ ከልቦለዱ በፊት የማን ነበር? ልቦለዱስ ምን ጨመረበት? ኀዘን ያለበትን ስም ለሕፃን ማውጣት በስም አወጣጥ ልማዳችን ዘንድ እንግዳ ነገር ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ለማየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ሰብለ ወንጌል» በግዕዝ ሥርዓት የተናበበ ስም ሲሆን ትርጉሙ «የወንጌል ሰብል» ማለት ነው። በዕለት ተዕለት አጠራር «ወንጌል» ይቀርና «ሰብለ» ብቻ ይቀራል። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ አጠራር በእንጥልጥል ያለ ነው፤ «ሰብለ» ሲባል «የምን ሰብል?» የሚል ጥያቄ ይከተላልና። ይህን የማነሣው ለሰዋስው ብቻ ብዬ አይደለም። ስሙ ሲያጥር የሚጠፋው ሁለተኛው ክፍል የስሙን ተስፋ የያዘው ነው። የሰሚው አእምሮም ክፍተቱን በሚያውቀው ታሪክ ይሞላዋል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚያውቀው የልቦለዱን ታሪክ ነው።

ነገር ግን ስሙ ከልቦለዱ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ በቤተ መንግሥት ይጠራ ነበር። እቴጌ ሰብለ ወንጌል እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ነበሩ። በ1529 ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር የተሸነፉበት ሽምብራ ኩሬ፣ ከአቃቂ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ በሞጆ አካባቢ እንደሚገኝ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ቤተሰብ ከአገር አገር፣ ከአምባ አምባ ሲንከራተት ኖረ። በ1539 የበኩር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ኋላ ወደ የመን ተላከ። በ1540 ንጉሡ ራሳቸው ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ።

በቀጣዩ ዓመት በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመራው አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ጦር በደረሰ ጊዜ፣ እቴጌይቱ በገመድ ከሚወጣበት ከደብረ ዳሞ ወርደው አብረው ዘመቱ። በ1542 ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ፤ በ1543 ደግሞ ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሞቱ፤ ልጃቸውም ተማረከ። እዚህ ላይ ከጦርነቱ ታሪክ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅም ነገር እናገኛለን። የተማረከው ልጅ እናት ባቲ ድል ወንበራ፣ የሚናስ እናት ደግሞ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ሁለቱ እናቶች ተላልከው ልጅን በልጅ ለወጡ፤ ሚናስም ወደ እናቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እቴጌይቱ ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስ በ1559 በጦር ሜዳ ሲወድቁ፣ በ1563 ደግሞ ያ ከምርኮ የተመለሰው ሚናስ አራት ዓመት ነግሦ ሲሞት ለማየት ቆዩ። የልጅ ልጃቸው ሠርፀ ድንግል ከነገሠ በኋላ በ1567 ዐረፉ።

እንግዲህ ስሙ ወደ ልቦለዱ ከመግባቱ በፊትም ኀዘን ያልተለየው ነበር። ልዩነቱ የመጀመሪያዪቱ ሰብለ ወንጌል ኀዘኑን ተሸክማ መሥራቷ፣ መደራደሯና አገር ሲናወጥ መቆሟ ነው። የሁለተኛዪቱን ሰብለ ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ላስታውስ። የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ አባቷ በዘር ኩራት ባሎችን ሲመልሱ የጋብቻ ዕድሜዋ ያልፋል። ሊያስተምራት የመጣው በዛብህ ደግሞ ከድኻ ቤት የተወለደ፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት የቆሎ ተማሪ ነው። ፍቅራቸው ከሁለቱም ወገን ሕግ ተጋጭቶ በመጨረሻ እሱ ሞቶ እሷ ትመነኩሳለች፤ መቃብሩም አንድ ያደርጋቸዋል።

በዚህ ታሪክ ሰብለን የገደላት ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ካሳ ዳምጤ ማለትም ጉዱ ካሳ መልሱን ደጋግሞ ይነግረናል፤ ሰውን በአጥንቱ የሚመዝነው ልማድ ነው። ደራሲው ለዋና ገጸ ባሕርይዋ የእቴጌን ስም የሰጠው ፊታውራሪው ለልጃቸው ከሚመኙላት ከፍታ ጋር ስለሚስማማ ይመስለኛል። ልጅቱን ከእኩዮቿ ያራቃት ያ ከፍታ እንጂ ስሟ አልነበረም። በዛብህም ቢሆን እንዲሁ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ብ» በአማርኛ የመጫን ትርጉም አለው፤ «በዛልህ» አልተባለምና። ወላጅ ለጠላቱ የሚናገረው ቃል አድርጎ መረዳት ይቻላል። ያም ሆኖ በዛብህን ለሞት ያበቃው ሰዋስው ሳይሆን እናትና አባቱ የገቡት ስለትና የባላባቱ ቁጣ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው ብሂል ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብሂሉ ስም የልጁን መጪ ዕድል ይናገራል የሚል እምነት ይዟል። የአማርኛ ስሞች ራሳቸው ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ልጁ ነገ ሳይሆን ስለ ወላጁ ትናንት ነው። ካሳ፣ ካሳሁን፣ ተካ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ ከልጁ በፊት ሌላ ሰው እንደ ሞተ ይመሰክራሉ። ወላጅ ሰው አጥቶ ሲያበቃ ልጅ ሲወልድ «ተካሰኝ» ወይም «አስረሳኝ» ይላል፤ ያ አንድ ቃል የቤቱ የታሪክ መዝገብ ይሆናል። ስለዚህ ሞት ያለበት ስም ለልማዳችን እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከዋና ዋናዎቹ የስም ምንጮች አንዱ ነው።

በአቃቂው ክርክር የታየውም ይኸው ነው። አቃቂ የባቡሩ መስመርና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከየአገሩ ያሰባሰቡት ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር በመሆኑ፣ በአንድ ግቢ የኦሮምኛ፣ የአማርኛ፣ የጉራጌኛና የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ጎን ለጎን ይጠራሉ። የእኅቴ አማት ከጎጃም መጥተው በፋብሪካው ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሴት ናቸው። እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቱ ቀብራለች። ሁለተኛዋ ልጅ ስትወለድ አማቷ «ምትኬ» ትባል አሉ፤ እኅቴ «ሰብለ ወንጌል» አለች።

«መምህር፣ እርስዎ ያውቁታል» አሉኝ አማቷ። «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተን አልቅሰናል። የዚያች ልጅ መጨረሻዋ መቃብር አይደለም ወይ? ደግሞ በዚህ ቤት?»

እኅቴ በበኩሏ «ጋሼ፣ ምትኬ ካልኳት እሷን በጠራሁ ቁጥር ወንድሟን መጥራቴ ነው» አለች። «እሷ የማንም ምትክ አይደለችም፤ ራሷን ትሁን።»

እኔም የእቴጌይቱን ታሪክ ከላይ ባሰፈርኩት መልክ ነገርኳቸው። አማቷ በጥሞና ከሰሙ በኋላ «ታዲያ እሷስ ልጆቿን ቀብራ የለም እንዴ?» አሉ። ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኅቴ «አንዱን ግን አስመልሳለች» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ስሙ ክርክር አልተነሣም። ልጅቱ ሙሉውን ስም ይዛ ሰብለ ወንጌል ተባለች፤ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ «ወለተ» ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም ሰጧት፤ አያቷም እስከ ዛሬ «ምትኬ» እያሉ ይጠሯታል። ልጅ በየዘመዱ የተለያየ ስም መያዟ የቆየ ልማዳችን ስለሆነ ይህን ማንም እንደ ክፉ አላየውም።

የአያቲቱ ስጋት ግን መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ስም ዕድልን ሊጎትት እንደሚችል የሚያሳይ የሚመስል ታላቅ ምሳሌ በታሪካችን አለ። የቋራው ካሳ እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ፣ በትንቢት ይጠበቅ የነበረውን የቴዎድሮስን ስም መረጡ። ስሙ የጣለባቸውን ተስፋ ለመፈጸም ሲታገሉ ኖረው በ1868 መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁም በሕፃንነቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው አረፈ። ሆኖም ቴዎድሮስ ስሙን የመረጡት በጉልምስናቸው፣ የስሙን ትንቢት ዐውቀው ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸው ስም «ካሳ» ነበር። ከመቅደላ በኋላም ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቴዎድሮስንና ዓለማየሁን ከልጆቻቸው ስም አላስወጡም። በውጭውም ዓለም የሼክስፒር ድራማ፣ ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት፣ የዡልየትን ስም ከሕፃናት አላራቀም። ሕዝብ አሳዛኝ ስም ለልጁ ሲያወጣ አሟሟቱን እየመረጠ አይደለም፤ ከሞቱ በፊት የነበረውን ጀግንነት፣ ፍቅር ወይም ውበት እንዳይጠፋ እየያዘው ነው።

ከዚህ የምደርስበት ሐሳብ አጭር ነው። ልቦለድ በስም ላይ ትዝታ ይጨምርበታል እንጂ ትእዛዝ አይጨምርበትም። የሥነ ጽሑፍ መምህር በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሲጠየቅ ሥራው መፍረድ ሳይሆን የስሙን ታሪክ ከነሙሉ ርዝመቱ ማስረዳት ነው። ሰብለን ስንጠራ «ወንጌል» የሚለውን ክፍል፣ ከመሸሻ ልጅ ጋርም እቴጌይቱን አብረን ብናነሣ የሚሰይሙት ወላጆች የሚመርጡትን ዐውቀው ይመርጣሉ።

በመጨረሻ ለክፍላችን ተማሪዎች አንድ ነገር ላሳስብ። የእያንዳንዱ ቤት ስም ለምን እንደ ወጣ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ አያቶች ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ስሙ ይቀራል፣ ምክንያቱ ይቀበራል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ በአንድ ሰፈር፣ ለምሳሌ በአቃቂ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ «ይህ ስም ለምን ወጣ?» ብሎ ቢመዘግብ፣ የልቦለድን ንባብና የቤተሰብን ኀዘን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሰነድ ይኖረናል። ሥራው አያቶቹ በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።