ስለ ጉማና ስለ ሐኪም ማስረጃ

በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ፥ በጭልሞ ደን ዙሪያና ከጊንጪ እስከ አምቦ ባለው አገር፥ ደም የፈሰሰበት ጠብ በልማድ የሚበርደው በጉማ ነው። ይህ የካሳና የዕርቅ ሥርዓት በይበልጥ የሚነገርለት ስለ ጠፋ ነፍስ ቢሆንም፥ ስለ ጎደለ አካልም ይከፈላል። ሽማግሌዎች ምስክር ይሰማሉ፥ ጉዳቱን ያያሉ፤ ካሳውን የበዳዩ ወገን አዋጥቶ ይከፍላል፤ ግቡም ሁለቱን ወገን ማስታረቅ ነው። በእንዲህ ያለ ዳኝነት ወረቀት አያስፈልግም፤ ጠባሳውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋልና።

የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን አዟል፤ ስለዚህ ጉዳቱ መለካት አለበት። በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 34፥ መርማሪው ፖሊስ ተበዳዩን በሐኪም አስመርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲቀበል ፈቀደለት። ቁስል ይሽራል፥ ክርክር ይረዝማል፤ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ቃል ግን የቁስሉን ስፋትና ጥልቀት እንደ ያዘ ይቆያል። (ማን እንደ መታው ሐኪሙ አላየም፤ ይህ የምስክር ነገር ነው።)

የሚያሳስበው የገጠሩ ሰው ነው። በአገር መድኃኒት ታክሞ የዳነ ተበዳይ፥ ኋላ ዕርቁ ቢፈርስ፥ ለፍርድ ቤት የሚያሳየው ጽሑፍ የለውም፤ የካሳው ክስ ደግሞ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይገባዋል። እርግጥ ቁጥር 2102 ዳኛው ልኩ ያልታወቀውን ጉዳት በርትዕ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል። ስለ ሕሊና ጉዳት ግን፥ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጽፍ፥ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይፈረድ ከልክሏል።