የፎገራ ዓሣ አጥማጅና የጣና ውኃ

ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ካለው ከጣራ ገዳም ተራራ ሆኖ ወደ ጣና ለሚመለከት ሰው፣ የፎገራ ሜዳ በክረምት የሐይቁ ተቀጥላ፣ በበጋ ደግሞ የከብትና የእህል ምድር መስሎ ይታየዋል። የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ኑሮውን የመሠረተው በዚሁ መፈራረቅ ላይ ነው።

የርብና የጉማራ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱ አምባዛ ወደ ሸሸርና ወደ ወለላ ረግረጎች ወጥቶ ይራባል። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን ብዙዎቹ ጠጠራማ ሥፍራ ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ከዚህም ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ከጣና በቀር በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ቆሮሶ ግን ከዳርቻው ደንገልና ሣር አይርቅም። ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያወቁት ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት ወይጦዎች ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው ዓሣቸውን እየበሉ ሙያቸውን ሲንቁ መኖራቸው የሚያሳፍር ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት እርዳታ ባለሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ። ገበያው ሰፋ፤ ገቢም ተገኘ። ነገር ግን ትልቁ ምርት የሚገኘው ነጭ ዓሣ ለመራባት በወንዞች አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት ስለ ነበር፣ መረቡም የተዘረጋው እዚያው ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በክብደት 75 ከመቶ ያህል ቀነሰ። በዚህ ላይ በወንዞቹ ውስጥ በብርብራ ፍሬ ዓሣ የማስከር ልማድ ነበረ።

የሐይቁም ከፍታ ቢሆን እንደ ቀድሞው በዝናብ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ በ1996 ተሠርቶ ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል መመጠን ጀመረ። ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው በ2003 ሐይቁ እስከዚያ ዘመን ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅ አለ። ብዙ ደንገል ደረቀ፤ የዓሣውም ምርት ቀነሰ፤ ባሕር ሸሽ የተባለው መሬት ታረሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በ2006 ክረምት ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ ብዙ ቤተ ሰብ አፈናቀለ። ስለዚህ የአጥማጁ ችግር ሁሉ በአየር ንብረት መለዋወጥ ብቻ ሊመካኝ አይገባም፤ የሰማዩና የሰው እጅ ተጋግዘዋል።

በዚሁ ዘመን ሜዳውም መልኩን ለወጠ። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ ወረታን የታወቀ የሩዝ ገበያ አደረጋት። ለገበሬው ሲሳይ መሆኑ የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ እርሻው ወደ ረግረጉ ሲገፋ፣ ለሽንኩርትም የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲተከል፣ ሸሸርና ወለላ ጠበቡ፤ አምባዛም የመራቢያ ሥፍራው አነሰበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ ደግሞ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሸፍኖ ታንኳን አገደ፣ መረብን ጠለፈ።

በሴኔጋል ጠረፍ ያለ አጥማጅ ዓሣው ሲርቅበት እስከ ሞሪታንያ ውኃ ድረስ ይከተለዋል። የፎገራው ግን የሚከተልበት ሌላ ባሕር የለውም። ስለሆነም እምቦጩን በእጁ ይነቅላል፤ ታንኳውን ወደ ጠራው ውኃ ያዞራል፤ የመረቡን ዓይን ያጠባል፤ መሬት ያለው ሩዝና ጓያ ይዘራል። ከእነዚህ ዘዴዎች መካከል የመረብን ዓይን ማጥበብ ጫጩቱን ስለሚያስጠፋ የነገን ዓሣ ዛሬ መብላት ነው። የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም በነሐሴ ወር መረቡን ከወንዝ አፍ የሚያነሳ አጥማጅ እስከ ጥቅምት ድረስ ልጆቹን በምን እንደሚያበላ አብሮ ያልታሰበለት ከሆነ፣ ክልከላውን ያከብራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።