«ለውሻው ነው የምሰጥህ!»

«ዝም ካላልክ ለውሻው ነው የምሰጥህ!» ይህችን ሳይሰማ ያደገ የእኛ አገር ልጅ ብዙ አይመስለኝም። አያ ጅቦ ሌሊቱን፣ የጎረቤት ውሻ ደግሞ ቀኑን ተካፍለው ልጅ ዝም ሲያሰኙ ኖረዋል። ኋላ ያው ልጅ፣ የገዛ ቤቱ ውሻ ጭራውን እየቆላ ሲጠጋው እሪ ብሎ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይወሸቃል። እኛም «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚፈራው?» ብለን እንገረማለን።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ፍርሃት አብሮን ይወለዳል ወይስ እንማረዋለን? እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር አንድ ሙከራ አሳተሙ። «አልበርት» ያሉት ሕፃን በ9 ወሩ አይጥም፣ ጥንቸልም፣ ውሻም ቢያመጡለት አልፈራም ነበር። 11 ወር ሲሆነው ግን፣ ነጯን አይጥ ሊነካ ሲል ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ብዙም ሳይቆይ ሕፃኑ አይጧን ገና ሲያያት ማልቀስ ጀመረ፤ አልፎ ተርፎ ጥንቸሉንና ውሻውንም ፈራ። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁትም ከሆስፒታሉ ወጣ። ዛሬ ቢሆን ይህን የሚፈቅድ አይገኝም። ግን እኛ ቤት ያለችው «ለውሻው እሰጥሃለሁ» ከዚያ መዶሻ በምን ትለያለች?

የተማሩትን ፍርሃት መርሳት ይቻላል ወይ የሚለውን ደግሞ ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ያዘችው። እ.ኤ.አ. በ1924 የጻፈችለት ጴጥሮስ (በእነሱ አጠራር ፒተር) ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሆን ጥንቸል ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር ስታጫውተው ቀስ በቀስ ተሻለው። መሀል ላይ ግን ታመመና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ አንድ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው፤ አብራው የነበረችው ነርስ ጭምር ደነገጠች። ልጁ ወደ ድሮ ፍርሃቱ ተመለሰ። ጆንስ ተስፋ አልቆረጠችም። የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በሽቦ ቀፎ ውስጥ አድርጋ፣ እሱ ሳይረበሽ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጋችለት። በመጨረሻ ጥንቸሉ ጣቶቹን ሲቀምስለት ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ሆነ።

ነገሩን በቀጥታ ወደ ውሻ ያመጣው አልበርት ባንዱራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ውሻ የሚፈሩ 48 ሕፃናትን መረጠ፤ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ከፊሎቹ ለአራት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ የማይፈራ እኩያቸው ከውሻ ጋር ሲጫወት አዩ። ልጁ በመጀመሪያ ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ያነጋግረዋል፤ ቀጥሎ ይደባብሰዋል፣ ያበላዋል፤ ኋላ አጥሩ ውስጥ ገብቶ አብሮት ይቀመጣል። ሌሎቹ ግን ወይ ውሻውን ብቻ አዩ፣ ወይ ውሻ በሌለበት ተጫወቱ። እኩያቸውን ካዩት ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ በስተመጨረሻ ብቻቸውን ከውሻው ጋር አጥር ውስጥ ለመቆየት ደፈሩ። በኋላ ደግሞ ባንዱራ ሌላ ነገር ተገነዘበ፦ ከፈሪዎቹ ልጆች ወላጆች ብዙዎቹ ራሳቸው ውሻ ይፈሩ ነበር።

እንግዲህ «አይዞህ፣ አይነካህም!» እያሉ ልጁን ጎትቶ ውሻው ላይ መግፋት የትም አያደርስም። እናት ራሷ ግድግዳ ተደግፋ «አይዞህ» ብትል ልጁ የሚያምነው ቃሏን ሳይሆን ግድግዳውን ነው።

መቼም የእኛ ሰው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ውሻችንም ባመዛኙ ዘበኛ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል፤ ከልጅ ጋር የሚተዋወቀው በድንጋይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሻው ይከተብ። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ገራም ነው የሚባለው ውሻም ቢሆን ሲበላና ሲተኛ አይነካ፤ ትንሽ ልጅም ብቻውን አይተውለት።

ይህ ከተሟላ የቀረው ትዕግሥት ነው። የማይፈራ የጎረቤት ልጅ ይጠራ፣ ውሻው በሰንሰለት ይያዝ፣ ፈሪው ከሩቅ ይይ። ዛሬ ደጃፍ ድረስ፣ ነገ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያቺን ማስፈራሪያ እንተዋት። ልጅ ዝም ማሰኛ ሌላ ዘዴ አይጠፋም።