ቃሬዛው፣ አምቡላንሱና የልብ ሕመምተኛው

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ከቦምቡ አልተረፈም። የቀይ መስቀል ምልክቱ አላዳነውም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ዶክተር ጆን ሜሊ ይመሩት የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቡድን ቆረም አጠገብ ተመታ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ገና ዓመት አልደፈነም ነበር። ከደሴ በወልድያ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው መስመር አምቡላንስ በዚያ ዘመን የሚታወቀው በጦር ቁስለኛ ጫኝነቱ ነበር።

ልቡን በድንገት የታመመ ሰው ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ቢሆንም ዕድሉ ጠባብ ነበር። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን መሣሪያ የሠራው ሆላንዳዊው አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም፣ መሣሪያው በሽታውን አሳየ እንጂ አላዳነም። ሐኪሙ ሞርፊን ሰጥቶ፣ በሽተኛውን ለሳምንታት አልጋ ላይ አውሎ ከመጠበቅ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ኩወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር የተባሉ ተመራማሪዎች ደረት ሳይከፈት፣ በሁለት እጅ በመጫን ብቻ፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳዩ። የቤልፋስቱ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ ደግሞ ድንገተኛው የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ከሚገድላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ እንደሚሞቱ ተገነዘበ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1966 የቆመን ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ አምቡላንስ ላይ ጫነና በሽተኛው ወዳለበት ላከው። እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ የሆነውና 17,187 ሕሙማንን ያሳተፈው አይሲስ-2 የተሰኘ ጥናት አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ የሚደርሰውን የልብና የደም ሥር ሞት በ23 በመቶ እንደቀነሰ አረጋገጠ። የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ሲታከልበት ቅነሳው 42 በመቶ ደረሰ።

በአገራችን በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት የተጀመረው የሕፃናት ልብ ሕክምና ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት ደረሰ። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያው ሰሞን ለየወረዳው አምቡላንስ ሲከፋፈል ቀዳሚ ዓላማው የወላድ እናቶችን ሞት መቀነስ ነበር። ዓላማው ትክክል ነው፤ የልብ ሕመምተኛው ግን በዕቅዱ ውስጥ ጎልቶ አልታየም። ቀጥሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ሲያምስ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎችም ባዶ ቀሩ።

ይህን ታሪክ ይዘን በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ወዳለችው ግራና እንምጣ። በሀብሩ ገጠር ሰው በድንገት ሲታመም ፈጥኖ የሚደርሰው ቅሬው (እድሩ) ነው። የቅሬው አባላት ቃሬዛ አንሥተው፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደርሱታል። ከመርሳ በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ፣ አለዚያም በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ በኩል ደሴ ይገባል። የተዘጋን የልብ ደም ሥር በቱቦ የሚከፍተው ሕክምና በአብዛኛው ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከወልድያ 500 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል።

ቃሬዛው ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት የልብ ሕሙማን ናቸው። አንዱ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚዘልቅበት፣ ላብ ያጠመቀው ጎልማሳ ነው። ቤተሰቡ «ጨጓራው ነው» ወይም «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ ሲጨምቅለት ሰዓቱ ይነጉዳል። ለዚህ ሰው አስፕሪን የሚያስኝከው፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ የሚያደርግለትና ስትሬፕቶካይኔዝ የሚጀምርለት ባለሙያ ከቤቱ በቅርብ ርቀት ሊኖር ይገባል። ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ጥቅሙ እጅግ ይቀንሳል።

ሌላዋ በልጅነቷ በተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ በር የተበላሸባት ወጣት ናት። በአገራችን የወጣቶች የልብ ሕመም አንዱ ዋና መነሻ ይህ ነው። በእርግዝና ወቅት ወይም ትኩሳት ሲነሣባት ሳንባዋ ውኃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥራታል። ቃሬዛው ላይ በጀርባዋ ሲያስተኟት ደግሞ ጭራሽ ትታፈናለች። ተሸካሚዎቿ ጀርባዋን በጋቢና በብርድ ልብስ ደግፈው፣ ቀና አድርገው ሊያስቀምጧት ይገባል። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ኦክስጅንና ውኃውን በሽንት የሚያስወግደው ፉሮሰማይድ መርፌ ይቀድማሉ። ከመነሻው ግን ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ፔኒሲሊን ብትወስድ ኖሮ እዚህ ላትደርስ ትችል ነበር።

ፓንትሪጅ የነገረን ሕክምናው ወደ በሽተኛው ይሂድ ነው። በሀብሩም የልብ ማዕከል እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረዳው ለጤና ጣቢያዎቹ አስፕሪን፣ ኦክስጅን፣ ፉሮሰማይድና የልብ መመርመሪያ ያሟላ፤ የአምቡላንስ ሠራተኛው ደረት መጫን ይሠልጥን፤ ቅሬዎችም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ቀና አድርገው መሸከምን ይማሩ። አንባቢም ደረቱን የጨመደደውን ሰው አይቶ «ጨጓራ ነው» ከማለቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው።